ከውስጥ የሚቀረቀር በር

እስር ቤት ሁለት ነገር አስተማረኝ፤ ፊደልና ቁጢጥ ማለት። ፊደሉ ከወጣሁ በኋላ ምንም አልጠቀመኝም። ቁጢጥ ማለቱ ግን ልጄን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረው።

ፊደሉን ያስቆጠረኝ አብሮኝ የታሰረ የጎንደር ዲያቆን ነው። ወረቀት ስለሌለን በከሰል ግድግዳ ላይ ይጽፍልኛል፣ እኔ በጣቴ እከተላለሁ፣ ሌላው እስረኛ ይስቅብኛል። ጢሜ ሸብቶ ሀ ሁ አልሁ። ስወጣ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እንግዲህ ማንም አያታልለኝም አልሁ። በሱዳኗ ገዳሪፍ ውስጥ ደግሞ በየበሩ የሚለጠፈው ሁሉ ዐረብኛ ነው። «የሚከራይ ቤት» የሚል ነገር በማውቀው ፊደል ተጽፎ አንድ ቀን አላየሁም። እግዜር ሲቀልድ እንዲህ ነው።

የታሰርሁበትንም ልናገርና ከአፌ ይውጣ። የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ ነበርሁ። በሩን ለሌቦች ከፈትሁ። ሌቦቹ ሄዱ፣ ዘበኛው ተያዘ። የተፈረደብኝን ጨርሼ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጭንቄ ልጄ ነበረች። እናቷ ከሞተች ወዲያ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እኔ ስታሰር ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ያለችው እህቴ ወስዳ አሳደገቻት። የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ ጥያት ገባሁ፤ ስወጣ እህቴ ስልክ ላይ አቀረበችልኝና አንዲት ያላወቅኋት ኮረዳ «ከይፍ» አለችኝ፣ በዐረብኛ። «ደኅና» አልኋት።

ከዚያ እህቴ ስልኩን ተቀበለቻት።

«ስማ፣ እኔ ካምፑ በቃኝ። ክረምት ሳይገባ ወደ አገሬ ልገባ ነው። ልጅቱንም ይዣት ነው የምሄድ።»

«ልጄን?»

«ታዲያ የት ላስቀምጣት? ገበያ መካከል ካንተ ጋር ጆንያ ላይ ትተኛ?»

«ቤት እይዛለሁ።»

«በል ያዝ። ከውስጥ የሚቀረቀር በር በዐይኔ አሳየኝ። ያን ጊዜ እተውልሃለሁ። አለዚያ ወንድምነትህን አላውቅም።»

እህቴ እንዲህ ናት። ከእኔ ጋር አንድ ጡት ነው የጠባችው።

እኔ ድንበር መሻገር አልችልም። ስለቀቅ በየሳምንቱ ፖሊስ ጣቢያ እየመጣህ ትፈርማለህ ተብያለሁ፤ የቀረሁ ዕለት ተመልሼ እገባለሁ። ልጅቱ የመተማን ድልድይ ካለፈች እኔ እዚህ፣ እሷ እዚያ ነን። ሰማዩ ደግሞ በደቡብ በኩል መጥቆር ጀምሯል። የዚህ አገር አፈር ጥቁር ነው፤ አንዴ ከራሰ ሎሪውንም በሬውንም እንደ ሙጫ ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ መንገደኛ ሁሉ ዝናቡን ለመቅደም ይጣደፋል። እህቴም ትጣደፋለች። እኔ ጧት ጧት ስነሣ መጀመሪያ የማየው ሰማዩን ነበር።

ቤት ግን የለም። ከካርቱም ጦርነት የሸሸው ሰው ከተማዋን ሞልቷታል። ዶክተሩም ነጋዴውም ልጆቹን ይዞ እዚህ ነው ያለው። ፍየል ያድርበት የነበረውን ጎጆ ሳይቀር አጥበው አከራዩት። በዚህ መካከል እኔ፣ የሰሊጥ ጆንያ ተሸካሚ፣ ሌሊቱን ከመኪና ጋራዥ አጥር ሥር የማድር፣ አንድ ክፍል እላለሁ።

አንድ የአገሬ ልጅ ደላላ አገኘሁ። ሰውየው ተናግሮ አይጨርስም፣ ቀልዱም አያልቅ።

«አያ፣ ቤት እንኳ ይገኛል» አለኝ። «ዋስህ ማነው?»

«ዋስ የለኝም።»

«ኸላስ፣ በቃ። ታዲያ ምን ታደክመኛለህ?»

እዚህ ሐበሻ ለሐበሻ ያለ ዋስ ቤት አያከራይም። ዋስ ማለት ተከራዩ ዕቃ ይዞ ቢጠፋ በሩ የሚንኳኳበት፣ ቢጣላ የሚያስታርቅ፣ ቢሞት ሬሳውን የሚያነሣ ሰው ነው። ባለቤቷ ቤቷን የምትሰጠው ላንተ አይደለም፤ ላመጣኸው ሰው ነው። ከሲጅን፣ ከእስር ቤት የወጣ ሰው ደግሞ ማንን ያመጣል? የሚያውቁት ሰዎች ገና ሲጅን ውስጥ ናቸው።

ቢሆንም ደላላው ለቀልዱም ይሁን ለምኑ አንዲት ሻይ ሻጭ ሴት ቤት ወሰደኝ። ሴትየዋ የጭልጋ ሰው መሆኔን ስትሰማ እልል ልትል ደረሰች። የአባቴን ስም ጠየቀችኝ፣ ያያቴን ጠየቀችኝ፣ ቅድመ አያቴ ላይ ስንደርስ ተዛመድን።

«ኧረ ወንድሜ ነህ! የሥጋ ወንድሜ! እስከዛሬ የት ጠፍተህ ነው?»

ዘመድ ናት፣ ለዘመድ አይዋሽም ብዬ «ሲጅን ነበርሁ እታለም» አልኋት።

ሴትየዋ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። ቀጥላም የትውልድ ቆጠራው ላይ ሳትሳሳት እንዳልቀረች ነገረችኝ። የእሷ አያት ሌላ ሰው ኖሯል። ዝምድናችን ከግቢዋ በር አልተሻገረም።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ «እኔስ ግድ የለኝም፤ ተከራዮቼ ናቸው የሚፈሩ» አሉኝ። ተከራዮቻቸው እዚያው አጠገባችን ልብስ ያጥባሉ፤ ማንም አልጠየቃቸው። ሌላው «መንደር ስምንት፣ የስደተኛ ካምፑ ሂድ፣ ድንኳን ይሰጡሃል» አለኝ። «ድንኳን በር አለው?» ስለው እብድ መሰልሁት።

በመጨረሻ ድሮ አብሮኝ ይበላ የነበረ፣ አሁን ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ጋ ሄድሁ። ፉል አቀረበልኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ዋስ ሁነኝ» አልሁት።

«ወላሂ ደሜን ጠይቀኝ። ደሜን! ዋስ ግን አትበለኝ። ሚስቴ አትወድም።»

«ደምህን ምን ላደርገው? አንጥፌ ልተኛበት?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፉሉን ግን ጨርሼ ነው የወጣሁ።

ያን ዕለት መዋሸት እንዳለብኝ ገባኝ። እውነት የተናገርሁበት ቤት ሁሉ ተዘግቶብኛል።

ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ አንዲት ሐጃ ነበረች። ወላጆቿ ከጎንደር መጥተው እሷ እዚሁ የተወለደች፣ ባሏ የሞተባት፣ አማርኛዋ እንደ እናቷ፣ ስድቧ እንደ ሱዳን የሆነ ሴት ናት። ጆንያዋን ከሎሪ አውርጄ ሱቋ ሳደርስ ትመለከተኝ ነበር። አንድ ቀን ወሬ ሳላበዛ ጠየቅኋት።

«ሐጃ፣ የሚከራይ ክፍል ያለው ሰው ያውቃሉ?»

«ለማን?»

«ለእኔና ለልጄ። ሴት ልጅ ናት።»

«እናቷስ?»

«ሞታለች።»

«አላህ ይማራት» አለችና በርበሬዋን መስፈር ቀጠለች። ሰፍራ ስትጨርስ «የልጄ ክፍል አለ። አግብታ ከሰላ ገብታለች። ና እይ» አለችኝ።

አየሁ። የጭቃ ጡብ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ የጠፍር አልጋ። በጎን በኩል ወደ ዕቃ ቤቷ የምታስገባ ትንሽ በር አለች፤ በርበሬዋ ያለው እዚያ ነው፣ ሽታው ያስነጥሳል። እኔ ያን ሁሉ ያየሁት በጨረፍታ ነው። ዐይኔ የክፍሉ በር ላይ ነበር። ብረት ነው። ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። ሐጃ ዞር ስትል በጣቴ ገፋ አደረግሁት፤ ገባ። መለስሁት፤ ወጣ።

ግቢው ውስጥ፣ ከራኩባው ዳስ ሥር አስቀመጠችኝና ሻይ ሰጠችኝ።

«እስከ አሁን የት ነበርህ? ገበያው ላይ አዲስ ነህ።»

«እርሻ ላይ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ?»

«ሰፊ እርሻ ነው ሐጃ።»

ይህ ደግሞ ፍጹም ውሸት አልነበረም፤ እስረኛ ያሳርሳሉ።

«ዋስስ?» ስትለኝ ብርጭቆውን አዟዟርሁት።

«በል ተወው ዋሱን» አለች። «የእህቴ ልጅ አሁን ለሻይ ይመጣል። እሱ ይይህ። ሰው ያውቃል እሱ፤ ለዐሥር ዋስ ይበቃል።»

ሥራው ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ደስታ ሰውን ያጃጅለዋል። ልቤ በካምፑ መንገድ ላይ ያለችው ሸዋክ ደርሶ ነበር፤ ልጄንና እህቴን ከአውቶቡስ ሳወርድ፣ ይኸው በሩ ስል፣ ይኸው መቀርቀሪያው ስል።

የግቢው በር ተበረገደ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። ከዚያ ሱሪውን፣ ከዚያ ቀበቶውን። ፖሊስ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላደረግሁትም፤ ጉልበቴ ነው ያደረገው። ሲጅን ውስጥ ዘቦቹ ለቆጠራ ሲገቡ እስረኛ ሁሉ ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ይላል፤ እጅ ማጅራት ላይ፣ ዐይን መሬት ላይ። የዘገየ ይረገጣል። ይህን ጧትና ማታ ስታደርገው ስትኖር ጉልበትህ አእምሮህን አይጠይቅም። ብርጭቆው ከእጄ ወድቆ ተሰበረ፣ እኔም የሐጃ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብዬ፣ እጄን ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ መሬት መሬቱን አያለሁ። ጉንዳን ይሄዳል። ጉንዳኑን እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ።

«ቢስሚላህ! ምን ሆነ? የሚጥል በሽታ አለበት?» አለች ሐጃ።

ሰውየው ቆሞ አየኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመረና ለአክስቱ መለሰላት።

«አልታመመም ኻልቶ። ይህማ የእኛው እንግዳ ነው። ቆጠራ ላይ ነው ያለው።» ወደኔም ጎንበስ ብሎ «ጉም ያ ዞል፣ ተነሣ አንተ ሰው። እዚህ የሚቆጥርህ የለም» አለኝ።

ተነሣሁ። ተነሥቼ ከመቆም ቁጢጥ ማለት ይሻለኝ ነበር።

«በምንድን ነው የገባኸው?»

«በስርቆት።»

«የምን?»

«የሰሊጥ። መጋዘን ጠባቂ ነበርሁ።»

ሐጃ እጇን ራሷ ላይ አደረገች። «እርሻ አልኸኝ እኮ! ሰፊ እርሻ!»

«እርሻም ነበር ሐጃ። ያሳርሱን ነበር።»

የእህቷ ልጅ እንደገና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ስብርባሪውን በእግሯ እየገፋች «በል ሂድ» አለችኝ። «በሰላም ሂድ፤ ግን ሂድ።»

መለመን አላውቅም። የእህቴን ድምፅ ግን እየሰማሁ ነበር፤ በዐይኔ አሳየኝ ትለኛለች። ተራምጄ የግቢው በር ጋ ደረስሁና ቆምሁ። በሩን እያየሁ ቆየሁ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች ሐጃ።

እኔ ራሴም አላወቅሁም ነበር። በሩ እስኪከፈትልኝ ነበር የምጠብቀው። እስረኛ በር አይከፍትም፣ በር አይዘጋም፤ ይከፈትለታል፣ ይዘጋበታል።

«ክፈተው እንጂ አንተ ሰው! አልተቆለፈም!»

እጄን ሰደድሁ። ሳልገፋው ሐጃ «ቆይ» አለች።

ዞርሁ። እሷ የምታየው እጄን ነበር።

«ልጅቱን አመጣለሁ ያልኸው እውነት ነው? ወይስ እሷም እርሻ ናት?»

«እውነት ነው። ዝናቡ ሳይመጣ በር ካላሳየሁ እህቴ ወደ አገር ትወስዳታለች።»

ሐጃ ትንሽ አሰበችና ወደ ነጋዴነቷ ተመለሰች። ገበያ ውስጥ ስትከራከር የማውቀው ፊቷ መጣ።

«ስማኝ። ልጅቱ ከዚያ ክፍል ትገባለች። አንተ ከዚህ ራኩባ ሥር ታድራለህ፣ የግቢውን በር ትጠብቃለህ። ያ ክፍል ከዕቃ ቤቴ ጋር የሚገናኝ ነው። ደፉን ያለፍህ ዕለት ሁለታችሁም ከግቢዬ ትወጣላችሁ።»

የእህቷ ልጅ ጣልቃ ገባ። «ኻልቶ፣ ሥጋ ለጅብ አደራ?»

«ዝም በል። ሌባ የተኛበት በር ሌላ ሌባ አይደርስበትም። ደግሞ አንተ የምን ፖሊስ ነህ? እየመጣህ እየው።»

«ዋሱስ ማነው?»

«ልጁ ናት ዋሱ» አለች ሐጃ። «እሷ እኔ ቤት ናት፤ ይሰርቅና ወዴት ይሄዳል?»

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ቁራኛ ተብለው በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር ይባላል። እኔን ከልጄ ጋር ቁራኛ አሰረችኝ። ከተፈታሁ በኋላ ዳግመኛ ታሰርሁ ማለት ነው፤ ደግሞ እንደገና ዘበኛ ሆኜ። ስድብ ነበር። «እሺ» አልሁ። በሩን በእጄ ከፍቼ ወጣሁና መንገድ ላይ ስልኬን አውጥቼ እህቴ ጋ ደወልሁ።

እህቴ በሸዋክ በኩል አድርጋ ዕቃዋን ሁሉ ጠቅልላ መጣች። ልጅቱ ከኋላዋ ናት። ረዝማለች። እኔን የምታየኝ በእህቴ ትከሻ ላይ አሻግራ ነው። እጅ ነሣችኝ። የአክስቷን ነጠላ ጫፍ አልለቀቀችም።

እህቴ ለሰላምታ እንኳ አልተቀመጠችም። ቀጥ ብላ ወደ ክፍሉ ገባች። በሩን ዘጋች። መቀርቀሪያው ሲገባ ከውጭ ሰማሁት፤ ከዚያ ከውስጥ በትከሻዋ ትገፋው ጀመር። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እኔ ውጭ ቆሜ፣ ከሐጃ ጋር ሳንተያይ፣ የሚሰበር መሰለኝ። አልተሰበረም። ከፍታ ወጣች።

«አንተስ የት ነው የምታድር?»

ራኩባውን አሳየኋት። ታፍራለች፣ ትቆጣለች ብዬ ነበር።

«ጥሩ ነው» አለች። «ውጭ መሆንህ ጥሩ ነው።» ልጄን አቅፋ ሳመቻት፣ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻትና ወደ ድንበሯ ጋላባት በሚሄደው መኪና ሄደች። እኔን ሳትስመኝ። ልጄ ክፍሉ ውስጥ ገብታ ቀረቀረች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ኑሮ ሥጋት ነበር። ሐጃ ጧት ተነሥታ የዕቃ ቤቷን ቁልፍ ትነካካለች፣ ከዚያ እኔን ታያለች። የእህቷ ልጅ በመጣ ቁጥር ቁጢጥ እንዳልል የራኩባውን ቋሚ እይዛለሁ፣ እሱም አይቶ ይስቃል። «ታማም ነው?» ይለኛል፣ ቆጠራው ሞላ ወይ እንደሚሉት ዘቦች። ከልጄ ጋር ደጃፉ ላይ እንነጋገራለን፤ እሷ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። ደፉን እንዳልነካ እግሬን እያየሁ። ሲጅን ውስጥ ሰው ሊጠይቀን ሲመጣ እንዲህ ነበር። አንድ ቀን «ለምን አትገባም?» አለችኝ። «ሐጃ አትወድም» አልኋት። «ለምን?» አለችኝ። ምንጣፌን ላራግፍ ተመለስሁ። የታሰርሁበትን እህቴ ነግራት ይሁን አይሁን አላውቅም።

ያ የፈራሁት ዝናብ አንድ ከሰዓት በኋላ መጣ። መጀመሪያ አቧራ፣ ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ ውሃው እንደ ጆንያ ተራገፈ። ራኩባ ለፀሐይ እንጂ ለዝናብ የተሠራ አይደለም። ሣሩ በአንድ አፍታ ራሰና በላዬ ይወርድ ጀመር። ምንጣፌ ጠፋ። ቆሜ እንደ ዶሮ እንቀጠቀጣለሁ።

የክፍሉ በር ተከፈተ። ልጄ ናት።

«ግባ!»

«ዝጊው!»

«ግባ እኮ ነው የምልህ!»

«ዝጊው ብያለሁ! ሁለታችንንም ታስወጪናለሽ!»

«አልዘጋም» አለች። በሩን ወለል አድርጋ በሁለት እጇ ያዘች። ዝናቡ ፊቷን ይመታዋል። ልቧ የእኔ ልብ ነው፤ አይጎብጥም። የግቢው ጎርፍ ወደ ደፉ እየወጣ ነበር። እኔ ወደሷ ተጠግቼ፣ ደፉ ጋ ስደርስ ቆምሁ። እሷ እጄን ያዘች። ከወጣሁ ጀምሮ ስትነካኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

በዚህ መካከል ከሐጃ በረንዳ ጩኸት መጣ።

«ኧረ ዝጉት! ውሃው ገባ! በርበሬዬን ልታጠፉት ነው? ዝጉት አልሁ!»

አየኋት። አየችኝ። አንድ እግሬ ደፉ ላይ ነው። ውስጥ ሆነህ ዝጋ ወይም ውጭ ሆነህ ዝጋ አላለችኝም። እንድትልም አልጠበቅሁም። ገባሁና በሩን በእጄ ዘጋሁት። መቀርቀሪያውን ሰደድሁት።

ልጄ አልጋው ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን በሻርፗ ታደርቃለች። «ተቀመጥ» አለችኝ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላ ድምፅ አያሰማም፤ ሐጃ ትምጣ አትምጣ፣ ታንኳኳ አታንኳኳ አላውቅም። አልተቀመጥሁም። እስኪያባራ ድረስ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ፣ ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጥፌ ቆምሁ።